የልብ ታማሚ ያለበት ቤት ወጥ እንዴት ይሰራ?

ሐኪሙ «ቅባት ይቀንሱ» ብሎ ያሰናብታል። ቤት ሲደርሱ ጥያቄው ይመጣል፦ ታዲያ ምን ይበላ? ብዙ ቤት ለታማሚው ብቻ ድንች ይቀቀላል። ሳምንት ሳይሞላ ሰውዬው ተደብቆ ጥብስ ይበላል። አልፈርድበትም። ሌላው አብሮ ሲጎራረስ ለብቻ መብላት ሆድ ያስብሳል። እናቴ ስትታመም መጀመሪያ የቀየርነው የቤቱን ድስት ነው።

1. ዘይቱን በማንኪያ ይለኩ። ከጀሪካኑ በቀጥታ አያንቆርቁሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 120 ካሎሪ አካባቢ አለው። ለአራት ሰው ወጥ ሁለት ማንኪያ ይበቃል። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ይተዉት፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት ነው። የሱፍ ወይም የኑግ ይሻላል።

2. ሽንኩርቱን አድቅቀው ይክተፉና በደረቅ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በለስላሳ እሳት ያቁላሉ። መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውኃ ጠብ ያድርጉበት። ደግሞ ያማስሉ፣ ደግሞ ጠብ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ አይቸኩሉ። ቅርጹ ጠፍቶ ሲልም ሁለቱን ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬውን ያስገቡ። ጣዕሙ ያለው እዚህ ጋ ነው። በችኮላ የተቁላላ ሽንኩርት ነው ብዙ ዘይት የሚያስፈልገው።

3. የቅቤውን ሽታ ያለ ቅቤው ያምጡት። ቅቤ ሲነጠር የሚገባውን ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ወጡ ሊወርድ ሲል ነስንሰው ይክደኑት። አምስት ደቂቃ ይቆይ። እናቴ መጀመሪያ የቀመሰች ቀን «ቅቤ ጨመራችሁበት እንዴ?» ብላ ተቆጣችን።

4. ከሥጋው ጮማውን ያንሱ። ታማሚው ወተት ሲያምረው አሬራ ይስጡት፤ ቅቤው ስለወጣለት ቅባቱ ትንሽ ነው። ከአሬራ የተሰራ አይብም እንደዚያው።

ጨው በቀን በጠቅላላው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ። በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና የወጥ ማጣፈጫው ኩብ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ግን ጎመን በድንገት አያብዙለት፣ አይቀንሱበትም። ጎመን የመድኃኒቱን ሥራ ይለውጣል፤ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

ጾም ያግዛል ብለው ደግሞ አይዘናጉ። ሳምቡሳውም ዘይት የሚንሳፈፍበት ሽሮም የጾም ነው። ከባዱ ፋሲካ ነው። 55 ቀን ተጹሞ ዘመድ ቤት ሲኬድ «ለዛሬ ብቻ» የሚል ጉርሻ ይመጣል። ቀደም ብለው ደውለው ለቤቱ እመቤት ይንገሯት፣ አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ለይቶ ያስቀምጣል። ታማሚው አንድ ቀን ክትፎ ቀምሶ ከመጣም አይጩሁበት። በማግስቱ ያው ድስት ይጣዳል።

መቀነሱን በዓይን ማየት ከፈለጉ ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በስክሪብቶ ይጻፉበት። እኛ ቤት በወር ያልቅ የነበረው 5 ሊትር አሁን ሦስት ወር ይቆያል።