ማንኪያ የሚለጠፍበት ልጅ፦ ስንፈትን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አንድ ጎረቤት ቤት ውስጥ የ8 ዓመት ልጅ ሸሚዙን አውልቆ ደረቱ ላይ ማንኪያ ይለጥፋል። ሦስት፣ አንዳንዴም አራት። ቡና ሊጠጣ የመጣው ሁሉ «አቦ፣ ይሄ ልጅ እኮ ማግኔት ነው!» እያለ በስልኩ ይቀርጻል። የፊዚክስ መምህር ነውና ይየው ተብሎ እኔም ተጠራሁ። ከታች ካሉት ስህተቶች ሁለቱን የሠራሁት እዚያው ነው።

መሆኑን ሳያረጋግጡ ምክንያቱን መተንተን። አንድ እንግዳ «ደሙ ውስጥ ብረት በዝቶ ነው» አሉ፤ እኔም ስለ ደም ማስረዳት ጀመርኩ። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት 4 ግራም ገደማ ነው፤ እንደ ምስማርም በማግኔት አይሳብም። ይህ እውነት ነው። መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን «ለመሆኑ ልጁ ይስባል ወይ?» የሚለው ነበር። ኮምፓስ ደረቱ አጠገብ ብይዝ ኖሮ መርፌው ንቅንቅ አይልም ነበር።

በማንኪያ ብቻ መፈተን። በድሬ ሙቀት ቆዳ ወዛም ነው። ስስ ላብና የቆዳ ቅባት ለስላሳ ነገርን ይይዛሉ፤ የልጅ ደረት ጸጉር የለውም፤ ልጁም ሳይታወቀው ወደ ኋላ ጋደል ይላል። ስለዚህ ማግኔት የማይስበውን ሞክሩ፦ የላስቲክ ክዳን፣ የስኒ ማስቀመጫ ሸክላ። ቀጥሎ ደረቱን አድርቃችሁ የሕፃን ፓውደር ነስንሱና ማንኪያውን መልሱ። ፓውደር ማግኔትን አያግድም፤ የሚያጠፋው የቆዳውን መያዝ ብቻ ነው።

በሻሽ መታመን። ዓይኑ ታስሮ ያነባል የሚባል ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የራሳችሁን ዓይን እሰሩ። በአፍንጫ ግራና ቀኝ ወደ ታች የምታይ ቀዳዳ ትቀራለች። ወረቀቱን ከግንባሩ በላይ ያዙለት።

የተሳካውን ብቻ መቁጠር። ስንት ጊዜ እንደሚሞከር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የሳተውንም ጻፉ። አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ሮዛ በ9 ዓመቷ የሰውን ኃይል በእጃችን እንዳስሳለን የሚሉ 21 ፈዋሾችን ፈትናለች። በግርዶሽ ጀርባ እጇን ከአንዱ እጃቸው በላይ ትይዛለች፤ የትኛው እንደሆነ ይገምታሉ። ከ280 ሙከራ ያገኙት 123 ነው፤ በግምት ብቻ ከሚገኘው 140 (የሙከራው ግማሽ) እንኳ ያንሳል። ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታተመ።

ልጁን ውሸታም ማለት። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ሰው ፊት «ይሄ ውሸት ነው» አልኩ። ልጁ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሸሚዙን ለበሰና ጓዳ ገባ። አልዋሸም እኮ! ማንኪያው በእርግጥ ተለጥፏል፤ ማግኔት ነህ ያልነው እኛ ነን።

በማግስቱ ፓውደር ይዤ ሄድኩና ፈታኙ እሱ እንዲሆን ጠየቅኩት። ሸክላው ሲለጠፍ ዓይኑ ፈጠጠ። ፓውደሩን ራሱ ነሰነሰ፤ ማንኪያው ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንቃጨለ። ሌላ ማንኪያ አንስቶ እናቱ ግንባር ላይ ለጠፈና «እማ፣ አንቺም ላይ ይይዛል!» አላት።