ሐበሻ ያየኛል ብለሽ ለቀረሽ እህቴ

የምሠራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ሌሊት። ለዓመታት ጠዋት ቤቴ ስገባ መጋረጃውን ዘግቼ ወይን እከፍት ነበር። ሰው ቁርስ በሚበላበት ሰዓት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን አቆማለሁ። 55 ቀን ጠብታ ሳልቀምስ ፋሲካ ይደርስ ነበር። "ሱሰኛ ብሆን ይሄን እችል ነበር?" እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። አንድ ዓመት ላይ ሁለተኛውን ሳምንት ማለፍ አቃተኝ። መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚገናኙበትን፣ አንቺም ሐበሻ ያየኛል ብለሽ የቀረሽበትን ስብሰባ መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ስሚኝ። በየቀኑ ብዙ የምትጠጪ ከሆነ በአንዴ ከማቆምሽ በፊት ሐኪም አነጋግሪ። መጠጥ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲቀርበት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል። አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል። ይሄ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ስብሰባው ይቆይ፤ 911 ደውዪ።

ስልክሽ ላይ ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን አፕ አውርጂ። የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ የኤ ኤ፣ ነው፤ ጠጪዎች መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱበት ማኅበር። ነጻ ነው። በቅርብሽ ያሉትን ስብሰባዎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ያሳይሻል። ኦፕን የሚለው ማንም የሚገባበት ነው፤ እህትሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። ክሎዝድ የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። የሴቶች ብቻ የሆነም አለ። ለመጀመሪያ ቀን እሱን እመርጥልሻለሁ።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሐበሻ እንዳያየኝ ብዬ ፍሬድሪክ የሚባል ሌላ ከተማ ድረስ ነዳሁ። አንድ ሰዓት ገደማ መንገድ። ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ በሦስተኛው ደከመኝ። ደከመኝ ማለት ደግሞ ጠጣሁ ማለት ነበር። ስለዚህ ስብሰባውን በምትጠጪበት ሰዓት ምረጪው። የእኔ ክፉ ሰዓት ጠዋት ነው፤ ከሥራ ወደ ቤት በምሄድበት መንገድ ላይ ያለ የጠዋት ስብሰባ አገኘሁ። በሩን ከፍቼ ቤት ስገባ ያ ሰዓት አልፏል። የአንቺ ክፉ ሰዓት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከሆነ፣ በዙም የሚደረጉም አሉ፤ ካሜራሽን ዘግተሽ ግቢ።

ብዙው ስብሰባ የሚደረገው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ዋናው በር ተቆልፎ ብታገኚው አትመለሺ። በጎን ዙሪ፤ ሰዎች ቡና ይዘው ወይም ሲጋራ እያጨሱ የቆሙበት በር ካለ እሱ ነው። አሥር ደቂቃ ቀደም ብለሽ ድረሺ። መታወቂያ የሚጠይቅሽ የለም፣ ክፍያም የለም። የራስሽን ስም ብቻ ትናገሪያለሽ፤ የአባት ስም አይባልም። ቅርጫት ሲዞር አንድ ሁለት ዶላር ይጥላሉ፤ አዲስ ሰው ግን አይጠበቅበትም። ተራ ከደረሰሽና እንግሊዝኛው ከጨነቀሽ "አይ ጀስት ዋንት ቱ ሊስን" በይ፤ ማዳመጥ ብቻ ነው የምፈልገው ማለት ነው። ይበቃል። እኔ ለሁለት ወር ከዚህ ሌላ አልተናገርኩም፤ ማንም አልገፋኝም።

መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመው ይጸልያሉ። ሌላ ሃይማኖት መስሎኝ ደነገጥኩ። አይደለም፤ ኤ ኤ ከየትኛውም እምነት ጋር አልተያያዘም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ጠበልሽንም አትተዪ፣ እዚያም ሂጂ" አሉኝ። ጸሎቱ ለማይመቸው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ ቡድን አለ።

ሲያልቅ ሮጠሽ አትውጪ። ይህን በጣም እለምንሻለሁ። ከአንዷ ሴት ስልክ ቁጥር ተቀበዪና በዚያው ቀን፣ ደህና ሳለሽ፣ ደውዪላት። "ደህና ገባሁ" ብቻ በያት። ደህና ሳለሽ ያልደወልሽበት ቁጥር ላይ በጨነቀሽ ቀን መደወል ይከብዳል። ኤ ኤ ራሱ በስልክ ነው የተጀመረው። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል ጠጪ የነበረ ሰው ለሥራ ሄዶ አክሮን ኦሃዮ ላይ ሥራው ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ ቆሞ የመጠጥ ቤቱን ጫጫታ እየሰማ፣ የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፍለጋ የማያውቃቸው ሰዎች ጋ ደወለ። በዚያ ነው ሐኪሙን ቦብ ስሚዝን ያገኘው።

አሁን ወደ ፈራነው ነገር። አዎ፣ አንድ ቀን ሐበሻ አገኘሁ። አንድ ትልቅ ሰው ማዶ ተቀምጠዋል። ጉልበቴ ከዳኝ። ስብሰባው ሲያልቅ በሁለት ኩባያ ቡና ቀድተው መጡና አንዱን ሰጡኝ። "እንደምን አደርሽ ልጄ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ከወራት በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። አጠገቤ የነበረች ሴት "እንዴት ትተዋወቃላችሁ?" ብላ ጠየቀች። እሳቸው ቀደም አሉ፦ "ጠዋት ጠዋት ቡና እንጠጣለን።"