ከሳኦ ፓውሎ እስከ ቦነስ አይረስ፦ የበረራ ርቀትና ሰዓት በስልክ ካልኩሌተር እንዴት ይሰላል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2018 ቦነስ አይረስ ሲገባ መንገዱ በሳኦ ፓውሎ በኩል ነበር። ከብራዚሏ ከተማ ወደ አርጀንቲናዋ ያለውን ርቀትና ሰዓት ኢንተርኔት ይነግርዎታል። በራስዎ ማስላቱ ግን ከባድ አይደለም፣ ለሌሎች ከተሞችም ይጠቅማል።

መጀመሪያ አየር ማረፊያውን ይለዩ። በሳኦ ፓውሎ ዓለም አቀፍ በረራዎች የሚነሱት ከጓሩልዮስ ነው። ኮንጎንያስ የሚባለው በዋናነት የአገር ውስጥ ነው። ቦነስ አይረስም ሁለት አላት፦ ከከተማው ወጣ ያለው ኤሴይሳና ወንዙ ዳር ያለው ኤሮፓርኬ። ትኬትዎ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ይዩ፤ የታክሲው ሒሳብ በጣም ይለያያል። እኛ ጓሩልዮስንና ኤሴይሳን እንያዝ።

ካርታ ላይ ሲፈልጉ ጓሩልዮስ በ23.44 ዲግሪ ደቡብና በ46.47 ምዕራብ ላይ ነው። ኤሴይሳ ደግሞ በ34.82 ደቡብና በ58.54 ምዕራብ። ሁለቱም ደቡብ፣ ሁለቱም ምዕራብ ስለሆኑ ይቀንሱ፦ 11.38 እና 12.07 ይመጣል። አንዱ ከምድር ወገብ በላይ፣ ሌላው በታች ከሆነ ግን (ለምሳሌ ቦጎታና ሊማ) የኬክሮሱን (የሰሜን-ደቡቡን) ቁጥር ይደምራሉ እንጂ አይቀንሱም።

አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ 1,263 ኪሎ ሜትር አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኬንትሮሱ (የምሥራቅ-ምዕራቡ ቁጥር) ላይ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች እንደ ብርቱካን ክፋይ መሀል ላይ ይሰፉና ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። 111 ኪሎ ሜትር የሚሆኑት ምድር ወገብ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ኬክሮስ አማካይ፣ እዚህ ጋ 29 ዲግሪ፣ ይውሰዱና ኮሳይኑን (ካልኩሌተሩ ላይ cos የሚለውን) ያውጡ፦ 0.875። ካልኩሌተሩ በዲግሪ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በራዲያን ከሆነ የማይረባ ቁጥር ይሰጥዎታል። 12.07 ሲባዛ በ111፣ ሲባዛ በ0.875፣ 1,172 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አሁን የፓይታጎረስ ነገር ነው። ሁለቱንም በራሳቸው አባዝተው ይደምሩ፣ ካሬ ሥሩን ያውጡ፦ 1,723 ኪሎ ሜትር። የምድርን ክብነት በሚያስገባው ቀመር ሲሰላ 1,722 ገደማ ነው። ምን ይጎድለዋል? እንደ አዲስ አበባና ሳኦ ፓውሎ ላለ ውቅያኖስ ተሻጋሪ ርቀት ግን ይህን አቋራጭ አይመኑት፣ ስህተቱ ይሰፋል።

ለሰዓቱ በ830 ያካፍሉ፤ የጄት አውሮፕላን የተለመደ የሰዓት ፍጥነት በዚያ አካባቢ ነው። 2.08 ይመጣል። ይህ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ አይደለም! 0.08 በ60 ሲባዛ 5 ደቂቃ ነው። ለመውጫና ለመውረጃ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ፤ 2 ሰዓት ከ35 ገደማ ሆነ። ትኬቱ ላይ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋው መሬት ላይ የሚሄድበት ጊዜም ስለሚቆጠር ነው። ከፍታው ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ሳኦ ፓውሎ የሚመለሰው በረራ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያጥራል።

ሁለቱ ከተሞች አንድ ሰዓት ነው የሚጠቀሙት፤ ብራዚል በ2019 የበጋ ሰዓት ለውጧን አስቀርታለች። ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። የእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ 6 ሰዓት ስለሚለይ፣ እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ነው። በሐበሻ የሞሉት የእጅ ሰዓት ካለዎት አይንኩት።