ጌም የሚወድ አዋቂ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዛሬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ብዙው፣ የሰፈሩን ጌም ቤት አይረሳውም። ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ጎረምሳ። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተሸናፊ ይነሳል። ያ ልጅ አሁን ሥራና ቤተሰብ አለው። ኪሱ ከፈቀደለት ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ከላከለት ደግሞ የራሱ ኮንሶል (የጌም ማሽን) ቤቱ አለ። ግን ስንቱ ነው «እንደ ድሮው አይጥመኝም» የሚለው! እኔ ጌም በዕድሜ የሚያልፍ ደስታ አይመስለኝም። ጣዕሙን የሚያጠፉት የሚታረሙ ስህተቶች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ተደብቆ መጫወት

ቅዳሜ ማታ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የእንግሊዝ ኳስ የሚያይን ሰው ማንም «ልጅ ነህ እንዴ?» አይለውም። ያንኑ ኳስ በጆይስቲክ ሲጫወት ግን ይባላል። ስለዚህ ሰው ቤቱ እስኪተኛ ጠብቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ልቡ ተሰቅሎ ይጫወታል። እንዲህ የሚጫወት ሰው አያርፍም። ሲደረስበት ደግሞ ጠቡ ስለ ጌሙ መሆኑ ቀርቶ ስለ መደበቁ ይሆናል። በግልጽ ተነጋገሩ። «ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለአንድ ሰዓት እጫወታለሁ» በሉ፤ የትዳር አጋራችሁም ለሚወደው ነገር የራሱ ሰዓት ይኑረው። ሴቶች ላይ ሐሜቱ ይብሳል። «የወንድ ጨዋታ» የሚላችሁን አትስሙ።

በተማሪነት ሰዓት ጌም መምረጥ

ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ተማሪ እያለን ክረምቱ ሙሉ የኛ ነበር። ዛሬ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። በ2018 የወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ዋናው ታሪኩ ብቻ 50 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ሲሰላ አራት ወር ማለት ነው። አትጫወቱት አልልም፣ በጣም የሚያምር ጌም ነው። አራት ወር መሆኑን አውቃችሁ ግቡበት፤ መሃል ላይ ሌላ ረጅም ጌም አትጀምሩ። ሁለት ረጅም ጌም ባንዴ የጀመረ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ሳይጨርስ ይተዋል። ከመነሳታችሁ በፊትም የት እንደደረሳችሁ ስልካችሁ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለሱ «ወዴት ነበር የምሄደው?» በማለት ግማሽ ሰዓት አይባክንባችሁም።

ሌላው ማቋረጥ መቻል ነው። ልጅ ያለቅሳል፣ በር ይንኳኳል፣ እናት ትደውላለች። ኤልደን ሪንግን የመሰለ ጌም መሃል ላይ በቀላሉ አይቆምላችሁም፤ ጆይስቲኩን አስቀምጣችሁ ስትነሱ ጠላት ይመታችኋል። ኦንላይን ውድድርም ያው ነው። ጥላችሁ ከወጣችሁ ቡድናችሁም አብሮ ይጎዳል። እነዚህን ለቅዳሜ አቆዩአቸው። ለሥራ ቀን ማታ ሲፈልጉ የሚያቆሙት ይሻላል። ስታርዲው ቫሊ በተባለው የእርሻ ጌም ውስጥ አንድ ቀን በኛ ሰዓት ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ገጸ ባህሪው ሲተኛ ጌሙ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። እዚያ ላይ መነሳት ቀላል ነው። ኳስ ጌምም አንዱን አጋማሽ ስድስት ደቂቃ አድርጋችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተጫወታችሁ ቡናው ተፈልቶ ሳይቀርብ ያልቃል።

መብራትን መርሳት

ፕሌይስቴሽን 4ንም ሆነ 5ን «ሬስት ሞድ» ላይ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አሸልቦ፣ ትቶ መተኛት ይመቻል፣ ነገ ካቆሙበት ይቀጥላልና። ሴቭ ያልተደረገው ጨዋታ የሚቆየው ግን ኤሌክትሪክ እስካለ ብቻ ነው። ሌሊት መብራት ከሄደ እሱም ይሄዳል። ሴቭ አድርጉና ሙሉ በሙሉ አጥፉት።

ከባድ ደረጃ ላይ ሙጭጭ ማለት

«ኢዚ» (ቀላል ደረጃ) ላይ መጫወት የሚያሳፍር የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው አንድ አለቃ ጠላት ጋር አርባ ጊዜ እየሞተ ሌሊቱን ማጋመስ የለበትም። ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር ታሪኩን ለማየት ብቻ ለሚፈልግ የተዘጋጀ ቀላል ደረጃ አለው። በዚያው ዓመት የወጣው ሴለስት በጣም ከባድ ጌም ሆኖ ሳለ ፍጥነቱን እንኳ እንድትቀንሱ ይፈቅዳል። የፊደሉን መጠንም ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አሳድጉ፤ ብዙ አዲስ ጌም ላይ አለ፣ ዓይንም ያርፋል።

በችኮላ መክፈል

ድሮ ፊፋ፣ ዛሬ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በሚባለው የኳስ ጌም፣ የራስን ቡድን የሚገነቡበት አልቲሜት ቲም የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ተጫዋች የሚገኝበት «ፓክ» በገንዘብ ይሸጣል። ምን እንደሚወጣላችሁ ግን በዕጣ ነው። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለው ሽያጭ የቁማር ሕጓን ይጥሳል ብላ ስለወሰነች ፓኩ የሚገዛባቸው ነጥቦች እዚያ አገር መሸጣቸው ቆሟል። በዚያ ላይ በየዓመቱ አዲሱ ጌም ሲወጣ ቡድኑ ከዜሮ ይጀመራል። ለሚወዱት ጌም አንዴ ከፍሎ መግዛት ተገቢ ነው፤ ለፓክ መክፈልን ግን አልመክርም።

እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚቸግር ብዙ ሰው አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ እህቱን ካርድ አካውንቱ ላይ ያስገባል። ገዝታችሁ ስትጨርሱ ካርዱን ከአካውንቱ አጥፉት። የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ ተጭኖ የአክስቱን ዶላር ሊጨርስ ይችላል። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ የገዛችሁት ካልጣማችሁ ደግሞ፣ ከገዛችሁ 14 ቀን ሳይሞላና ከሁለት ሰዓት በላይ ሳትጫወቱ ገንዘባችሁን መልሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ልጅ እያየ መጫወት

ወንጀልና ግድያ የሞላበት ጂቲኤ 5 የተባለው ጌም በአሜሪካ ከ17፣ በአውሮፓ ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ተብሎ የወጣ ነው። ልጁ «እያየ ብቻ ነው» ማለት ምክንያት አይሆንም።

ልኩ ሲያልፍ ዝም ማለት

የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና ችግርን አካቷል። መለኪያው ሰዓት መቁጠር ብቻ አይደለም። ሰውየው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌም ከሌላው ሁሉ ሲቀድምበት፣ እየጎዳው እንኳ ሲቀጥል ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ። ሥራና እንቅልፍ እየተበላሹ ከሆነ ዓመት አትጠብቁ፣ ሐኪም አማክሩ።

ብቻን መጫወት

ጌም ቤት ያጣፈጠው ከጎን የተቀመጠው ሰው ነበር። እሱን ሳይመልሱ ኮንሶሉን ብቻ ማሳደስ ብዙ አያስደስትም። ኢት ቴክስ ቱ የሚባለው የ2021 ጌም ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ ነው፤ ከባለቤታችሁ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ትጫወቱታላችሁ። ሩቅ ካለ ጓደኛ ጋርም ይቻላል፣ አንዱ ከገዛው ሌላው በነፃ ይገባል። የድሮ የሰፈር ልጅ ዋሽንግተን ካለ ፈጣን የተኩስ ጌም ይቅርባችሁ። ርቀቱ ኔትወርኩን ያዘገየዋል፣ ትናደዳላችሁ። እንደ ሲቪላይዜሽን 6 ያለ በተራ የሚጫወቱት ይሻላል፤ እናንተ ዛሬ ተራችሁን ትጨርሳላችሁ፣ እሱ ነገ ከሥራ ሲወጣ የራሱን ይጫወታል። አብራችሁ መጫወት ካማራችሁ ደግሞ ቅዳሜ ማታ በኛ ሦስት ሰዓት ላይ ቅጠሩት። እሱ ዘንድ ገና ከቀትር በኋላ ነው።