የሙያ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ይጠብቅ እንደሆነ እንዴት ይመዘናል?

የወረዳ ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አባል ሁኑ፣ የዕድር ተወካይ፣ ወይም እንዲሁ ነገሩ የከነከናችሁ ነዋሪ፣ ፈቃድ ሰጪን ልመዝን ብላችሁ ስትነሱ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ሪፖርት ነው። ይህን ያህል ፈቃድ ተሰጠ፣ ይህን ያህሉ ታደሰ፣ አፈጻጸም በመቶኛ ይህን ያህል። ተቀበሉና ወደ ጎን አድርጉት። ባለሙያው እንዴት እንደተስተናገደ እንጂ በሽተኛው ስለ መጠበቁ ምንም አይነግራችሁም።

እዚህ ሰሜን ሸዋ ላይ የጤና ባለሙያዎችንና መድኃኒት መደብሮችን ይዤ ላሳይ። ለሌላውም ሙያ አካሄዱ ያው ነው።

1. ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የባለሙያው ፈቃድ የክልሉ ጤና ቢሮ ጉዳይ ሲሆን፣ ክሊኒኩን ገብቶ የሚያየው ብዙ ጊዜ የዞን ወይም የወረዳ ሰው ነው። ይህን ሳይለዩ የተጻፈ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል።

2. መዝገቡን በጽሑፍ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ዝም ካሏችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ነው። ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሳታስመቱ እንዳትወጡ፤ "አልደረሰንም" ትባላላችሁ።

3. አቤቱታውን ከገባበት እስከ ውሳኔው ተከተሉት። ዋናው ሥራ ይህ ነው። የሁለት ዓመት አቤቱታዎች ይቅረቡላችሁና ለእያንዳንዱ አራት ቀን መዝግቡ፦ ጉዳቱ የደረሰበት፣ አቤቱታው የገባበት፣ ምርመራ የተጀመረበት፣ ውሳኔ የተሰጠበት። አምስተኛው ዓምድ ላይ ውሳኔው ራሱ ይግባ። እኔ ለዚህ ከኤክሴል ይልቅ የተሰመረ ደብተር እመርጣለሁ፤ ላፕቶፕ ሲከፈት ፋይል የሚያወጣው ሰው ይጠራጠራል።

አማካይ አታውጡ። ለምሳሌ ዘጠኝ ፋይሎች እያንዳንዳቸው በ20 ቀን ቢዘጉና አንዱ 730 ቀን ቢወስድ አማካዩ 91 ቀን ይመጣል፤ 91 ቀን የፈጀ ፋይል ግን አንድም የለም። ቀኖቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሐል ላይ ያለውን ውሰዱ። ያን የሁለት ዓመት ፋይል ደግሞ ለብቻው አውጥታችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። የምትፈልጉት መልስ አንድ ነው፤ ጉዳዩ ሲንከባለል ባለሙያው ታግዶ ነበር ወይስ በሽተኛ እያየ ነበር?

የበሽተኛና የባለሙያ ስም ተሸፍኖ ቢሰጣችሁ አትከራከሩ፤ ሚስጥር መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ባለሙያ መለያ ቁጥር ይሰጠው በሉ። ያለዚያ አንዱ ሰው ሦስት ጊዜ "የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ" ቢቀበል እንኳ አይታያችሁም።

አሁን ወደ ከባዱ። መዝገቡ የሚያሳየው ቢሮ የደረሰውን ሰው ብቻ ነው። ከአንድ ወረዳ አንድም አቤቱታ ካልመጣ ሪፖርቱ "ቅሬታ የለም" ይላል፤ እኔ ግን የማነበው በር እንደሌለ ነው። መሐል ሜዳ አካባቢ ያለ ገበሬ ልጁ በተሳሳተ መርፌ ብትጎዳ ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ ማመልከቻ አስጽፎ፣ "ነገ ተመለስ" ተብሎ አልጋ ይዞ ያድራል? ስለዚህ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ተቀመጡና የሚወጡትን ጠይቁ፦ "ባለሙያ ቢበድልዎ ለማን ያመለክታሉ?" መልሱ "ለእግዜር" ከሆነ ጻፉት፤ እሱም መረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፐብሊክ ሲቲዝን የተባለ ድርጅት የክፍላተ ሀገሩን የሐኪም ቦርዶች (ለሐኪሞች ፈቃድ የሚሰጡና የሚቀጡ አካላት ናቸው) በ1,000 ሐኪም በወሰዱት ከባድ እርምጃ ብዛት ያወዳድራቸዋል። መነሻ ይሆናል፤ ብቻውን ግን ውሃ አይቋጥርም፤ ትንሽ ቁጥር የጥሩ ሐኪሞችም፣ የተኛ ቦርድም ምልክት ሊሆን ይችላል።

4. ግድግዳውንና የጉብኝት መዝገቡን አስተያዩ። መድኃኒት መደብር ግቡ፤ ፈቃዱ በፍሬም ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ናት ባንኮኒው ጀርባ የቆመችው? ፈቃድ ማከራየት የሚባለውን የማያውቅ የለም። ከዚያ ተቆጣጣሪው የመጣባቸውን ሰዓቶች ተመልከቱ። ሁሌም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ከሆነ፣ ማታና እሁድ መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ አያውቅም ማለት ነው። አስቀድሞ ተደውሎ የተደረገ "ድንገተኛ ቁጥጥር" አትቁጠሩ።

5. ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚቀጣ እዩ። ወሳኞቹ ሁሉ የዚያው ሙያ ሰዎች ከሆኑ ጠንቀቅ በሉ። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አብዛኞቹ አባላቱ በሥራ ላይ ያሉ የጥርስ ሐኪሞች የሆኑበት ቦርድ፣ ሐኪም ሳይሆኑ ጥርስ የሚያነጡ ሰዎችን "ተዉ" እያለ ደብዳቤ ይልክ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት በቅርብ ካልተቆጣጠረው በቀር እንዲህ ያለ ቦርድ ከውድድር ሕግ አያመልጥም ብሏል። ስለዚህ የቅጣቶቹን ዝርዝር ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ ሰው በመጎዳቱ የተቀጣ፣ በወረቀት ጉድለት ወይም በገበያ ሽሚያ የተቀጣ። ሁለተኛው ከበለጠ ማን እየተጠበቀ እንደሆነ ግልጽ ነው።

6. ረቂቁን ይፋ ሳታደርጉ ለመሥሪያ ቤቱ ስጡ፤ ለመልስ ቀን ቁረጡለት። የተሳሳታችሁት ቁጥር ካለ አርሙ፤ የቀረውን መልሳቸውን ሳታሳጥሩ ከሪፖርቱ ጀርባ አያይዙት።