የአንድ ትንሽ አገር መግለጫ አዘገጃጀት፦ ሞንቴኔግሮ በምሳሌነት

የአገር መግለጫ የሚያዘጋጅ ሰው የቆዳ ስፋትን፣ የሕዝብ ብዛትንና ዓመታዊ ገቢን ደርድሮ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሊቆጥር ይችላል። ሞንቴኔግሮን ለመሰለች ትንሽ የባልካን አገር ግን ይህ አይበቃም፤ አንዱ አኃዝ ያለ ሌላው አይገባምና።

ከመልክዓ ምድሩ ይጀምሩ። አገሪቱ በአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ ስትሆን ስፋቷ ወደ 13,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወዲያው አስከትለው ከዚህ መሬት ምን ያህሉ ለኑሮ እንደሚመች ይግለጹ፦ ጠባቡ የባሕር ዳርቻ ከጀርባው በተራራ የተዘጋ ነው፤ ሰሜኑን የታራ ወንዝ 1,300 ሜትር ያህል በሚጠልቅ ሸለቆ ይሰነጥቀዋል፤ ደህና ሜዳ የሚገኘው በዋና ከተማዋ በፖድጎሪጻና ከአልባኒያ ጋር በምትጋራው በስካዳር ሐይቅ አካባቢ ነው። ከሕዝቡ ከሩብ በላይ የሚሆነው በፖድጎሪጻ አስተዳደር ውስጥ መኖሩን እዚህ ላይ ቢጠቅሱት አንባቢው ምክንያቱን በራሱ ይረዳዋል። የከፍተኛው ተራራ ስም ሲጻፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጽሑፎች 2,523 ሜትር የሆነውን ቦቦቶቭ ኩክን ይጠቅሳሉ፤ በአልባኒያ ድንበር ላይ ያለው ዝላ ኮላታ ግን 2,534 ሜትር ነው።

የሕዝቡን አኃዝ ያለ ቆጠራው ዓመት ፈጽሞ አይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2011 620,029፣ በ2023 ደግሞ 623,633 ሰዎች ተቆጥረዋል፤ ድምሩ ብዙም ባይለወጥም ውስጡ ተለውጧል። ራሳቸውን ሞንቴኔግሯዊ ያሉት ከ45 ወደ 41 በመቶ ሲወርዱ፣ ሰርብ ነን ያሉት ከ29 ወደ 33 በመቶ ገደማ ከፍ ብለዋል። ቋንቋንና ብሔርን በአንድ ዓምድ መጨፍለቅም ያሳስታል፤ አፍ መፍቻዬ ሰርብኛ ነው ያለው 43 በመቶ ሲሆን ሞንቴኔግርኛ ያለው 35 በመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በሕዝበ ውሳኔ ከሰርቢያ ጋር ከነበረው ኅብረት የተለየችው 55 በመቶ ድምፅ በሚጠየቅበት ምርጫ 55.5 በመቶ አግኝታ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ እነዚህ ጥቂት ነጥቦች በዚያ አገር ፖለቲካ ምን ያህል እንደሚከብዱ አይጠፋውም።

ኢኮኖሚውን በሚመለከት ዋናው ጉዳይ ቱሪዝም ነው። ኮቶርና ቡድቫን የመሳሰሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች በበጋ የሚያስገቡት ገንዘብ አገሪቱን ይይዛታል፤ በወረርሽኙ ዓመት በ2020 ኢኮኖሚው ከ15 በመቶ በላይ የወደቀውም ስለዚህ ነው። ስለሆነም የአንድን ዓመት ዕድገት ብቻ ነጥሎ መጥቀስ አይበጅም። የባር ወደብ፣ የውኃ ኃይል ማመንጫዎችና የፕልዬቭልያ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ በአጭሩ ቢጠቀሱ ይበቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን ሰፋ አድርገው ይጻፉ። ሞንቴኔግሮ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳትሆን በዩሮ ትገበያያለች፤ ማዕከላዊ ባንኳ ገንዘብ ማተም ስለማይችል የበጀት ጉድለት የሚሸፈነው በብድር ነው። ከባር ወደ ሰርቢያ ድንበር ለታቀደው ፈጣን መንገድ የመጀመሪያ ክፍል፣ ለ41 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከቻይናው ኤግዚም ባንክ 944 ሚሊዮን ዶላር ተበድራለች። ብድሩ በዶላር፣ የመንግሥት ገቢ ደግሞ በዩሮ መሆኑን፣ በ2021ም የምንዛሪውን ስጋት ለመቀነስ ከምዕራባውያን ባንኮች ጋር ውል መፈረሙን ከዕዳው አኃዝ አጠገብ ያስፍሩ።