በስቶክሆልም ቴ-ሴንትራለን ጣቢያ ሳይደናገሩ ባቡር ለመቀየር

የስቶክሆልም ሜትሮ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ሦስቱም የሚገናኙት ቴ-ሴንትራለን ላይ ብቻ ነው። አዲስ ሰው እዚህ የሚደናገረው በጣቢያው ስፋት ሳይሆን በመሳፈሪያዎቹ አቀማመጥ ነው።

መጀመሪያ ትኬት። የባንክ ካርድዎን ወይም ስልክዎን መግቢያው ላይ ካለው ማንበቢያ ያስጠጉ። ትኬቱ ለ75 ደቂቃ ያገለግላል፤ ሲወጡ እንደገና ማስነካት አያስፈልግም። በአንድ ካርድ በዚህ መንገድ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። በስልክ ከገቡ ለተቆጣጣሪ የሚያሳዩትም ያንኑ ስልክ ነው፤ ሒሳቡ አንድ ቢሆንም ስልኩና ካርዱ እንደ ሁለት ካርድ ስለሚቆጠሩ፣ ካርዱ ላይ ትኬት አይገኝም። ያለ ትኬት መገኘት 1,500 ክሮና ያስከፍላል። ስለዚህ የስልክዎን ባትሪ አስቀድመው ይዩ።

ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ የመስመሩን ቁጥርና የመጨረሻውን ጣቢያ ያንብቡ። ቀለሙ ብቻ አይበቃም።

ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲቀይሩ ዋናው ጥያቄ አቅጣጫዎ ነው። ቴ-ሴንትራለን ላይ በአንድ መሳፈሪያ ግራና ቀኝ የሚቆሙት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ባቡሮች ናቸው። ከሞርቢ ሴንትሩም በቀዩ መጥተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኡደንፕላን፣ የሚመለሱ ከሆነ ጥቂት እርምጃ ተሻግረው አረንጓዴውን ይይዛሉ። ጉዞዎ ግን ወደ ደቡብ የሚቀጥል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከኡደንፕላን ወደ ፍሩኤንገን፣ እዚህ አይውረዱ። አንድ ጣቢያ አልፈው ጋምላ ስታን ላይ ይቀይሩ፤ እዚያ ቀዩ በዚያው መሳፈሪያ ማዶ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ደረጃ ይወርዳል፣ ይወጣል።

ሰማያዊው በ1975 የተከፈተ ሲሆን ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ጠልቆ ይገኛል። ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃና ተንቀሳቃሽ መተላለፊያ ስላለ በቂ ጊዜ ይያዙ። ቆመው የሚሄዱ ከሆነ ቀኙን ይያዙ፤ ግራው ለሚቸኩል ነው። በነጭ ዋሻ ላይ የሠዓሊው የፐር ኡሎፍ ኡልትቬትን ሰማያዊ የሐረግ ሥዕል ሲያዩ ደርሰዋል። ለሪንከቢና ቴንስታ መጨረሻው ዩልስታ የሆነውን 10 ቁጥር፣ ለሺስታና ሁስቢ መጨረሻው አካላ የሆነውን 11 ቁጥር ይሳፈሩ። ተሳስተው ሌላውን ከያዙ ሁለቱ ሳይለያዩ ቬስትራ ስኩገን ላይ ወርደው ትክክለኛውን ይጠብቁ። ሰሌዳው ኩንግስትሬድጎርደን የሚል ከሆነ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ ቀጣዩ ጣቢያ መጨረሻው ነው። ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ፍሪድሄምስፕላን ላይም መቀየር ይቻላል።

የከተማ ዳርቻ ባቡር፣ ፔንደልቶግ የሚሉት፣ የሚነሳው ከቴ-ሴንትራለን ጋር በውስጥ ከሚገናኘው ከስቶክሆልም ሲቲ ጣቢያ ነው። የረጅም ርቀት ባቡር ግን ከዋናው የባቡር ጣቢያ፣ ከሴንትራልስታሹነን ነው። በፔንደልቶግ አርላንዳ አየር ማረፊያ ለሚወርድ ከትኬቱ ሌላ የጣቢያ ክፍያ አለ።